አዲሱ ከርነል ተጭኗል፣ ሰርቨሩ ግን በአሮጌው ነው የሚሠራው፦ ድሬ ላይ ሪቡት መቼና እንዴት?

የሳቢያኗ

ሰላም የድሬና የሐረር ባለሙያዎች። ሳቢያን ያለ የመድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ሦስት ሰርቨር አለ። ዋናው ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ የክምችት መመዝገቢያው ድረ ገጽና ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል እሱ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ዴቢያን 12 ሆኖ ለፋይል ማጋሪያና ለባክአፕ ያገለግላል። ሦስተኛው በኬቪኤም (አንድ ማሽን ውስጥ ሌሎች ማሽኖችን በሚያስኬደው የሊኑክስ ክፍል) ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ተሸክሟል።

ጥያቄዬ በዋናው ሰርቨር ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን በሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት ላይ ነው። አሁን የሚሠራውን ከርነል የሚያሳየው «ዩኔም -አር» 5.15.0-91 ይላል። የተጫኑትን የሚዘረዝረው «ዲፒኬጂ -ኤል» ግን ከሱ በብዙ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ከርነል መጫኑን ያሳያል። አፕዴቱ በራሱ እየወረደ ይጫናል፣ ማሽኑ ግን ሪቡት (ሪስታርት) አይደረግም፤ ባለቤቱ «እየሠራ ያለን ነገር አትንኩ፣ ጠፍቶ ባይነሳስ?» ይላሉ። ከውጭ የሚደረስበት የድረ ገጹ ፖርት ብቻ ነው፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽኑ መግቢያው) ከግቢ ውጭ ዝግ ነው። በዚህ ሁኔታ የከርነል ክፍተት ምን ያህል ያሰጋል? ሪቡቱስ መቼ ቢሆን ይሻላል?

ኤረር_በር

እህቴ፣ ያሰጋል። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ከርነል ማንንም አይከላከልም። የሚሠራው ማሽኑ ሲነሳ ወደ ሜሞሪ የገባው ነው፤ እሱ ደግሞ 91ኛው ነው። 5.15.0-91 የወጣው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ላይ ነው። ሲቪኢ-2024-1086 (ሲቪኢ የታወቀ የደኅንነት ክፍተት መለያ ቁጥር ነው) የተስተካከለው ከዚያ በኋላ፣ በ2024 መጀመሪያ ስለሆነ ማሽንሽ ለዚህ ክፍት ነው።

ይህን ክፍተት ጠጋ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ያለው በኔትፊልተር፣ በከርነሉ የፓኬት ማጣሪያ ውስጥ፣ «ኤንኤፍ_ቴብልስ» በሚባለው ክፍል ነው። የፋየርዎል ሕግ ለአንድ ፓኬት «ጣለው» የሚል ፍርድ ሲሰጥ ከርነሉ የፓኬቱን ሜሞሪ ነጻ ያደርገዋል። ከፍርዱ ጋር የስሕተት ቁጥር አያይዞ መመለስም ይቻላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ አሉታዊ መሆኑ አይጣራም ነበር። ስለዚህ አጥቂው ቁጥሩን ሲያስተካክለው፣ የተጣለው ፓኬት ለሚቀጥለው ኮድ «አሳልፈው» እንደተባለ ሆኖ ይታያል። ነጻ የተደረገው ሜሞሪ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል፣ ሁለተኛም ነጻ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ሜሞሪውን በሚፈልገው ነገር ሞልቶ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን ነው። ክፍተቱ ከከርነል 3.15 ጀምሮ የነበረ ነው፤ በመጋቢት 2024 ለሕዝብ የወጣው የማጥቂያ ኮድ ደግሞ ከ5.14 እስከ 6.6 ባሉት ላይ ይሠራል። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሳ በግንቦት 30፣ 2024 በተግባር ጥቃት ከደረሰባቸው ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

«ኤስኤስኤች ዝግ ነው» ማለትሽ የሚጠቅመው በከፊል ነው። እንዲህ ያለው ክፍተት መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ትንሽ እግር ማስገቢያ ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ድረ ገጹ ሊሰጥ ይችላል። ፋይል መጫኛ ገጽ ላይ ፒኤችፒ ፋይል ካለፈ፣ ወይም የድረ ገጹ ላይብረሪ ክፍተት ካለው፣ አጥቂው «ደብሊውደብሊውደብሊው-ዴታ» በሚባለው ደካማ ተጠቃሚ ስም ኮድ ያስኬዳል። ከርነሉ ካልተጠገነ ከዚያ ወደ ሩት የሚወስደው አንድ ትእዛዝ ነው። የመድኃኒት ክምችት፣ የደንበኛ ዕዳ፣ ባክአፑ የሚገባበት የይለፍ ቃል ሁሉ በአንድ እጅ ይገባል።

እስክትሪቡቺ ድረስ የሚያቆይ ነገር አለ። ጥቃቱ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ኔምስፔስ (ከሌላው የተለየ፣ በውስጡ ሥልጣን የሚያገኝበት ክልል) መፍጠር መቻሉን ይፈልጋል። «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ/» ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍተሽ «ከርነል.አንፕሪቪሌጅድ_ዩዘርኤንኤስ_ክሎን=0» ብለሽ ጻፊና «ሲስሲቲኤል --ሲስተም» በይ። ሪቡት አይጠይቅም። ሩት ሳይሆኑ የሚሠሩ የፖድማን ኮንቴይነሮችና የአንዳንድ ብራውዘር ማቀፊያ ይቆማሉ፤ ሰርቨር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይፈልጋቸውም። ኢንተርኔት ላይ «የኤንኤፍ_ቴብልስ ሞጁሉን ዝጉት» የሚል ምክር ታገኚያለሽ፤ እሱን አትከተዪ። 22.04 ላይ ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል ማዘዣ) ከሥር የሚጠቀመው እሱኑ ስለሆነ ፋየርዎልሽ አብሮ ይወድቃል።

ለገሀር_ሩት

ኤረር በር ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሰዓቱ ላይ ልጨምር።

አብዛኛው መመሪያ ሪቡትን ሌሊት አድርጉ ይላል። ድሬ ላይ ግን እኔ የቀትሩን ዕረፍት እመርጣለሁ። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ገደማ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ መጋዘኑ ዕቃ አያወጣም። ዓርብ ከሆነ ደግሞ በስግደቱ ምክንያት ጸጥታው ይረዝማል። ከሌሊቱ የሚሻለው ሰው አጠገቡ መኖሩ ነው፦ ሞኒተር ይሰካል፣ ኪቦርድ ይነካል፣ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያልተነሳ ሰርቨር ግን እስከ ንጋት ወድቆ ይቆያል፣ ጠዋት መኪና ቆሞ ይጠብቃል።

የባለቤቱ ስጋት ደግሞ መናቅ የለበትም። ሁለት ዓመት ያልጠፋ ማሽን ሲነሳ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ከርነሉ አይደለም። በእጅ ተቀይሮ ፋይል ላይ ያልተጻፈ አይፒ አድራሻ፣ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ያልገባ ዲስክ፣ ሲነሳ ራሱ እንዲጀምር «ኢነብል» ያልተደረገ አገልግሎት፣ የደከመ ሃርድ ዲስክ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ችግር አታደባልቂ፦ መጀመሪያ በዚያው በአሮጌው ከርነል ሪቡት አድርጊ። የሚወድቅ ነገር ካለ ጥፋቱ የከርነሉ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እሱን አስተካክለሽ ስትጨርሺ በአዲሱ ታስነሻለሽ።

አሠራሩ ይኸው። ከርነሉን መርጦ የሚያስነሳው የግረብ ቅንብር በሆነው «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» ውስጥ «ግረብ_ዲፎልት=ሴቭድ» አድርጊ። «ግረብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ» በሚለው መስመር ላይ «ፓኒክ=30» ጨምሪ። «አፕዴት-ግረብ» በይ። ከዚያ በ«ግረብ-ሴት-ዲፎልት» አሮጌውን ከርነል ቋሚ አድርጊውና ሪቡት። ሁሉም ሲስተካከል በ«ግረብ-ሪቡት» አዲሱን ለአንድ ጊዜ ብቻ ምረጪና ሪቡት። አዲሱ ከርነል ቢወድቅ «ፓኒክ=30» ስላለ ከ30 ሰከንድ በኋላ ማሽኑ ራሱን ያስነሳል፣ የአንድ ጊዜው ምርጫ ስላለቀ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ዋናውን ዲስክ ሳያገኝ ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ እስኪገኝ ከርነሉ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት) ላይ ቢቀርም ይሄው ቃል ይሠራል፤ ባዶ ሼል ላይ ተገትሮ ከመጠበቅ ይልቅ ይነሳል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ከርነሎቹ የሚቀመጡበት «/ቡት» ኤልቪኤም ወይም የሶፍትዌር ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምሩ ዘዴዎች) ላይ ከሆነ ግረብ ምርጫውን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ «ለአንድ ጊዜ» ያልሽው አይሰረዝም፣ ማሽኑ በተበላሸው ከርነል ላይ ይዞራል። «/ቡት» ለብቻው ኤክስት4 ክፍልፍል መሆኑን በ«ኤልኤስቢኤልኬ» አረጋግጪ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ከተነሳና ከተረጋጋ በኋላ «ግረብ_ዲፎልት»ን ወደ 0 መልሺ። ካልመለስሽው የሚቀጥለው ሪቡት ወደ አሮጌው ይወስድሻል፣ ክፍተቱም ሳይታወቅ ተመልሶ ይከፈታል።

ጋሽ_ዴቢያን

ለገሀር፣ ቀትሩን መምረጥህን አልቃወምም፣ ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ አይሆንም። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ይግላል፣ ኤሲው ሁሉ ሲበራ የመብራቱ ጫና ይበዛል፣ ዩፒኤሱም በጣም የሚደክመው ያኔ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ገደማ ያጥራል። 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ስክሪኑ ላይ 100 በመቶ እያለ ጭነት ሲያዝ በደቂቃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ልጄ፣ ከሪቡቱ በፊት የዩፒኤሱን የራሱን ፍተሻ አሂጂ፣ ጭነት ላይ እያለም ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እዪ። በሙቀቱ ወራት ንጋት 12 ሰዓት ይሻላል፤ ሰውም ይገኛል፣ ክፍሉም ቀዝቃዛ ነው።

መብራት መሄዱ በጣም የሚጎዳው ሪቡቱን ሳይሆን ጭነቱን ነው። ፓኬጁ እየተፈታ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ «/ቡት» ውስጥ ጎዶሎ ፋይል ይቀራል። በሚቀጥለው ሲነሳ ከርነሉ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ፓኒክ ያደርጋል። ማሽኑ ገና እየሠራ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ» ከከርነሉ ቁጥር ጋር፣ መጨረሻ «አፕዴት-ግረብ»። ካልተነሳ ከግረብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ ገብቶ እነዚህኑ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ የሚሠራ አሮጌ ከርነል ሁልጊዜ መቅረት ያለበት።

ባዮሱም ይታይ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲበራ የሚያዝ ምርጫ አለው፤ ብዙ ጊዜ «ጠፍቶ ይቆይ» በሚለው ላይ ነው የሚመጣው።

ሸንኮር_ኔትወርክ

ራሱ ሪቡት እንዲያደርግ ማዘዝስ? «50አናተንድድ-አፕግሬድስ» የሚለው ፋይል ውስጥ «አውቶማቲክ-ሪቡት» አለ፣ ሰዓቱም 02:00 ሊባል ይችላል።

ጋሽ_ዴቢያን

ለዴቢያኑ የባክአፕ ማሽን ጥሩ ነው፣ ለዋናው አልመክርም። ሰዓቱን ግን አስተውሉ። 02:00 በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ማሽኑ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ 02:00 እዚህ ንጋት 11 ሰዓት ይሆናል። «ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ የአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ። በዩቲሲ ላይ ያለ ማሽን «08:00» ቢባል ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ሥራው በደራበት ሰዓት ይጠፋል።

የሳቢያኗ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «/ቡት» ለብቻው ኤክስት4 ነው። ነገር ግን 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ «ዲኤፍ -ኤች» 94 በመቶ ሞልቷል ይላል። የመጨረሻው አፕዴትም «ቦታ የለም» ብሎ ቆሟል።

ኤረር_በር

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ የቆመውም ለዚሁ ነው። በ22.04 አንድ ከርነል ከኢኒትራምኤፍኤሱ ጋር ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። 512 ውስጥ ሦስት ከገባ አራተኛው በመሐል ይቆረጣል። ጋሼ ያሉት ጎዶሎ ፋይል መብራት ሳይሄድም የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

«/ቡት» ውስጥ ገብተሽ በእጅ በ«አርኤም» አታጥፊ፤ የፓኬጅ መዝገቡ ከዲስኩ ጋር ይጣላል። መጀመሪያ «አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» ሞክሪ። እሱ አሁን የሚሠራውንና አዲሱን ትቶ መሐለኞቹን ያነሳል። ካልበቃ በ«ዲፒኬጂ -ኤል» የሊኑክስ-ኢሜጅ ዝርዝሩን አውጥተሽ፣ በ«ዩኔም -አር» የሚታየውን ሳትነኪ፣ አሮጌዎቹን በስማቸው «አፕት ፐርጅ» አድርጊ።

ለዘለቄታው «/ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ኢኒትራምኤፍኤስ.ኮንፍ» ውስጥ «ሞጁልስ=ሞስት» የሚለውን «ሞጁልስ=ዴፕ» ብታደርጊው ፋይሉ በብዙ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ለዚያ ማሽን የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ያስገባል። ጉዳቱም እሱ ነው፦ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ብትሰኪው የዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨር ላይኖር ይችላል፣ አይነሳም። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ እኔ «ሞስት»ን ትቼ ሁለት ከርነል ብቻ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

ሸንኮር_ኔትወርክ

ላይቭፓች ያለ ሪቡት ይጠግን የለ? ኡቡንቱ ፕሮ እስከ 5 ማሽን በነጻ ይሰጣል። ለምን ይሄ ሁሉ ድካም?

ለገሀር_ሩት

አቦ፣ ላይቭፓች ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አስገቢው። «ፕሮ አታች» ከዚያ «ፕሮ ኢነብል ላይቭፓች»። ግን ምን እንደማይሠራ ይታወቅ። የሚጠግነው ከባድ የተባሉትን የከርነል ክፍተቶች ብቻ ነው። ለአንድ ከርነልም ጥገና የሚወጣው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ እንደ 91ኛው ላለ አሮጌ አይጠቅምም፤ አንዴ ሪቡት አድርጎ አዲሱ ላይ መድረስ ግድ ነው። የፕሮሰሰሩን ማይክሮኮድ (በውስጡ ያለውን ትንሽ ፕሮግራም) ወይም ግሊብሲን (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ላይብረሪ) አይነካም። «ዩኔም -አር» ከላይቭፓች በኋላም ያው ቁጥር ስለሚያሳይ መጠገኑ የሚታየው በ«ካኖኒካል-ላይቭፓች ስታተስ» ነው። ሪቡትን ያዘገያል፣ አያስቀርም።

የኢንተርኔት ወጪ ካሳሰባችሁ ደግሞ አንዱ ማሽን ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኑ፣ ሌሎቹ በፖርት 3142 ከሱ ይውሰዱ። ሊኑክስ-ፈርምዌር የሚባለው ፓኬጅ ብቻውን መቶዎች ሜጋባይት ነው፤ ሦስት ማሽን ሦስት ጊዜ ማውረዱ ያለ ፋይዳ ነው።

ጀጎል_ተማሪ

ሰላም ታላላቆቼ። በደኅንነት ክፍተት ስካነር አንድ ኡቡንቱ 22.04 ፈትሼ ነበር፤ ከርነሉ አዲስ ሆኖ ሳለ «5.15.0 ነው፣ ሲቪኢ-2024-1086 የተስተካከለው በ5.15.149 ነው፣ ተጋላጭ» ይላል። ሌላም በመቶ የሚቆጠር ሲቪኢ ይዘረዝራል። የቱን ልመን?

ኤረር_በር

ስካነሩ ያነጻጸረው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ነው። ኡቡንቱም ዴቢያንም የከርነሉን ሥሪት ይዘው ይቆዩና ጥገናውን ብቻ ወደ ኋላ ያመጡታል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር፣ ያ 91 ወይም ከዚያ በላይ ያለው፣ እሱ ነው ጥገናውን የሚናገረው። ልክ መሆኑን ለማየት «አፕት ቼንጅሎግ» ከከርነሉ ፓኬጅ ስም ጋር ብለህ ውጤቱ ውስጥ የሲቪኢውን ቁጥር ፈልግ። ከተገኘ ተስተካክሏል። የኡቡንቱና የዴቢያን የደኅንነት መከታተያ ገጾችም ለእያንዳንዱ ሲቪኢ የተስተካከለበትን ፓኬጅ ቁጥር ይሰጣሉ።

የሲቪኢው መብዛት ደግሞ ምክንያት አለው። ከየካቲት 2024 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል ቡድን ራሱ ሲቪኢ መስጠት ጀምሯል፣ ደኅንነትን ሊነካ ይችላል ብሎ ለሚያስበው ማስተካከያ ሁሉ ይሰጣል። ብዙው አንተ ማሽን ላይ የሌለ ሃርድዌር ድራይቨር ነው። ሁሉንም እያነበብክ አትጨርሰውም፤ ከርነሉን በየጊዜው ማሳደግ ይቀላል። አስቸኳይ የምትለው ከሦስቱ አንዱ የሆነውን ነው፦ ከኔትወርክ በቀጥታ የሚደረስበት፣ ተራ ተጠቃሚን ሩት የሚያደርግና የማጥቂያ ኮዱ የወጣ፣ ወይም በሲሳ ዝርዝር ውስጥ የገባ።

ሁለት የቆዩ ምሳሌዎች ያስተምራሉ። ደርቲ ካው የተባለው ሲቪኢ-2016-5195 ከከርነል 2.6.22 ጀምሮ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ እስከ ጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ኖሯል። ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሲሽቀዳደሙ፣ ለማንበብ ብቻ የተፈቀደ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ያደርግ ነበር። ደርቲ ፓይፕ፣ ሲቪኢ-2022-0847፣ የመጣው ግን በ5.8 ነው፤ በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ተስተካከለ። እዚያ የጎደለው አንድ መስመር ነበር፦ የፓይፕ ቋት ሲዘጋጅ ምልክቱ አይጸዳም፣ የቀድሞው ምልክት ስለሚቀር ወደ ፓይፑ የተጻፈው በሜሞሪ ውስጥ ያለው የፋይሉ ቅጂ ላይ ያርፋል። ሽቅድድም የለው፣ ዕድል የለው፣ ሁልጊዜ ይሠራል። ለውጡ የግድ ዲስክ ላይ ስለማይወርድ ከሪቡት በኋላ አሻራው ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ጥርጣሬ ካለ ከሪቡቱ በፊት ሎጎችን ወደ ሌላ ማሽን መቅዳት ያለብን።

ሸንኮር_ኔትወርክ

ዊንዶውስ ላላችሁም አንድ ነገር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14፣ 2025 አብቅቷል። ኤተርናልብሉ የተባለው ማጥቂያ የመታው «ኤስአርቪ.ሲስ» የከርነል ድራይቨር ነበር፤ ጥገናው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 14፣ 2017 ወጥቶ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተነሳው ከሁለት ወር በኋላ ግንቦት 12 ነው። ያልጠገነው ነው የተመታው። አሮጌውን የፋይል ማጋሪያ ኤስኤምቢ 1ን ዝጉ፣ ፖርት 445ን በማሽኖች መካከል ሳይቀር ገድቡ።

የሳቢያኗ

ሀዬ፣ ዕቅዴ ይህ ነው። ዛሬ ኔምስፔሱን እዘጋለሁ፣ «/ቡት»ን አጸዳለሁ፣ አፕዴቱን እጨርሳለሁ። ዓርብ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በአሮጌው፣ ከዚያ በአዲሱ ሪቡት። የኬቪኤሙ ማሽን ላይ ዋናውን ካደስኩ ቨርቹዋሎቹ አብረው ይታደሳሉ?

ጋሽ_ዴቢያን

አይታደሱም። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ከርነል አለው፤ ሁለቱን ውስጥ ገብተሽ ታድሻለሽ፣ ተሸካሚውን ለብቻው። ኮንቴይነር ቢሆን ነበር ከርነሉን ከተሸካሚው የሚጋራው። ደግሞ የ«ሊብቨርት-ጌስትስ» ቅንብር ውስጥ «ኦን_ሻትዳውን» የሚለው «ሻትዳውን» መሆኑን እዪ። «ሰስፔንድ» ከሆነ ተሸካሚው ሲጠፋ ቨርቹዋሎቹ ሜሞሪያቸውን ዲስክ ላይ አስቀምጠው ይተኛሉ፣ ሲነሱም ከነአሮጌው ከርነል ይቀጥላሉ።

ዓርብ ከመጥፋቱ በፊት «ማይኤስኪውኤልደምፕ --ሲንግል-ትራንዛክሽን» ብለሽ ቅጂውን ወደ ዴቢያኑ ውሰጂ። ከዚያ ማይኤስኪውኤልን ለብቻው አቁሚና ሎጉ ላይ መዝጋቱን እስኪጽፍ ጠብቂ። ሜሞሪ ውስጥ ብዙ ያልተጻፈ ዳታ ካለው ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ቆመ ብለሽ በኃይል እንዳትገድዪው።

ለገሀር_ሩት

ከተነሳ በኋላ በቅደም ተከተል፦ «ዩኔም -አር» አዲሱን ቁጥር ማሳየቱን፣ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ባዶ መሆኑን፣ «ጀርናልሲቲኤል -ቢ -ፒ ኢአርአር» ውስጥ የዲስክ ስሕተት አለመኖሩን እዪ። «/ሲስ/ዲቫይስስ/ሲስተም/ሲፒዩ/ቨልነረቢሊቲስ/» ውስጥ ያሉትን ፋይሎችም አንብቢ። «ማይክሮኮድ የለም» የሚል መስመር ካለ ለኢንቴል ፕሮሰሰር «ኢንቴል-ማይክሮኮድ»ን ጫኚ፤ ዴቢያን 12 ላይ ፓኬጁ የሚገኘው «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚባለው ክፍል በአፕት ምንጮች ውስጥ ሲጨመር ነው። ማይክሮኮዱ ሥራ ላይ የሚውለው ሲነሳ ስለሆነ ዓርብ ከመድረሱ በፊት ብትጭኚው አንድ ሪቡት ይቀንስልሻል። 91ኛውን ከርነል ግን እስከሚቀጥለው ዓርብ አታጥፊው፤ መጋዘኑ ሙሉ የሥራ ሳምንት በአዲሱ ላይ ከሠራ በኋላ ፐርጅ አድርጊና «ግረብ_ዲፎልት»ን 0 አድርገሽ «አፕዴት-ግረብ» በይ።